ስለ ነቀርሳ በሽታና ሊቃውንት ስላገኙለት አዲስ ሕክምና

የሰውን ልጅ ከሚያስፈሩት በሽታዎች መካከል፣ ስሙ በተጠራ ጊዜ ልብን የሚያስደነግጥ እንደ ነቀርሳ ያለ በሽታ የለም። ብዙ ሰው ስሙን በግልጥ መጥራት ስለሚፈራ «ያ ክፉ በሽታ» እያለ ያልፈዋል፤ ታማሚው ከቤተ ሰቡ ይሰውረዋል፤ ቤተ ሰቡም ከጎረቤት ይሸሽገዋል። አባቶቻችን ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው አስቀድመው ተናግረዋል። ይህም ቃል ከሌላው በሽታ ሁሉ ይልቅ በነቀርሳ ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ብዙዎቹ የነቀርሳ ዓይነቶች ገና በጅምራቸው ሲገኙ የሚድኑ፣ ሲዘገዩ ግን ለሐኪም እጅግ የሚያስቸግሩ ናቸውና።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የበሽታው ጠባይ ምን እንደ ሆነ፣ የዓለም ሊቃውንት መርምረው ምን እንደ ደረሱበት፣ አዲሱም ሕክምና እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳ፣ ከዚህም ሁሉ ለአገራችን ፈጥኖ የሚጠቅማት የትኛው እንደ ሆነ ለመግለጥ አስበናል። ዓመቱን የምንጠቅሰው ሥራው እንደ ተሠራበት አገር ልማድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። በአገራችን ቋንቋ ነቀርሳ የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይነገራል። አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ሲሆን፣ ይህ ጀርመናዊው ሊቅ ሮበርት ኮኽ በ1882 ባገኙት ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ነገር ግን መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ለወሰደ ሰው የሚድን በሽታ ነው። ሁለተኛው ፈረንጆች ካንሰር የሚሉት፣ ዛሬ የምንጽፍበት በሽታ ነው። ካንሰር ማለት ሸርጣን ማለት ነው፤ ከ12ቱ የከዋክብት ምድብ አንዱ በዚህ ስም መጠራቱን የሚያውቁ ያውቃሉ። ይህንንም ስም የሰጡት የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ናቸው፤ በእባጩ ዙሪያ የተዘረጉት የደም ሥሮች የሸርጣን እግር ስለሚመስሉ ነው ይባላል። ይህ ካንሰር የተባለው በሽታ እንደ ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የስሙ አንድ መሆን ግን ብዙ ሰው አሳስቶአል፤ የታመመችውን እናት ጽዋዋን የለዩባት፣ ከማዕድ ያራቁአት ቤተ ሰቦች አሉ። ይህ ከበሽታው ላይ ሌላ በሽታ መጨመር ነው።

እንግዲህ ወደ ጠባዩ እንግባ። የሰው ሥጋ በዐይን ከማይታዩ እጅግ ረቂቃን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነዚህንም የዛሬ ሊቃውንት ሕዋሳት ይሉአቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕዋሳት ሲባል አምስቱን የስሜት በሮች እንደምናስብ የታወቀ ነው፤ በዚህ ግን ቃሉ የሚያመለክተው የሥጋን ትንሽ ጓዳ ነው። በአንድ ሰው ሥጋ ውስጥ ከ30 ትሪሊዮን የሚበልጡ ሕዋሳት አሉ፤ አንዱ ትሪሊዮን ማለት ሚሊዮን በሚሊዮን ሲባዛ ነው። የጀርመን ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በ1858 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ፣ በሽታም በሕዋስ ውስጥ እንደሚጀምር አስረዱ። ያረጀው እየሞተ አዲሱ ይተካል፤ ቁስልም የሚሽረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በእያንዳንዱ ሕዋስ ልብ ውስጥ የሥጋው ሥርዓት ሁሉ የተጻፈበት አንድ ጽሑፍ አለ፤ ስሙን ዲ. ኤን. ኤ. ይሉታል። መልኩ እንደ ምን እንደ ሆነ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ገለጡት፤ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባሉ ሴት ሊቅ በጨረር ያነሡት ሥዕልም ለዚህ ሥራ ታላቅ ረዳት ነበረ። ጽሑፉ የተጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ግን 3 ሺህ ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው። ሕዋሱ ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይገለበጣል።

ብራና ፍቆ መጽሐፍ የገለበጠ፣ ወይም ሲገለበጥ ያየ ሰው፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ከእኛ ይልቅ ያስተውለዋል። ጸሐፊው ምንም ቢጠነቀቅ እጁ ይስታል። አንዳንዱ ስሕተት ነጥብ እንደ መዝለል ያለ ነው፤ ምሥጢር አያፋልስም። አንዳንዱ ግን ፊደል አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ሠረቀ የሚለውን ግስ በእሳቱ ሰ የጻፈ ጸሐፊ፣ የወጣችውን ፀሐይ ሌባ አደረጋት ማለት ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት አራሚ ይቆማል። በሕዋስም ውስጥ እንዲሁ ስሕተትን ፈልገው የሚያርሙ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራቸውን ያስረዱት ሦስት ሊቃውንት፣ ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር፣ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም ከብዙ ዘመን መገልበጥ በኋላ ከአራሚው እጅ የሚያመልጥ ስሕተት አይጠፋም፤ የተሳሳተውም ቅጂ ለሚቀጥለው ቅጂ እናት ይሆናል።

ስሕተቱ የወደቀበት ቦታ ግን ነገሩን ይለየዋል። በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንዳንዱ ቃል ሕዋሱን «ተባዛ» ብሎ የሚያዝ፣ እንደ አለንጋ ያለ ነው፤ ሌላው ደግሞ «በቃህ፣ ቁም» ብሎ የሚይዝ፣ እንደ ልጓም ያለ ነው። ፔይተን ራውስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1911 የዶሮን ነቀርሳ ወደ ሌላ ዶሮ የሚያስተላልፍ ቫይረስ ማግኘታቸውን ገለጡ፤ ነገሩ ብዙ ዘመን ሳይታመን ቆይቶ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1976 ደግሞ ሚካኤል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ይህን ነገር መርምረው፣ ነቀርሳ የሚያስነሣው ቃል በጤነኛ ዶሮ ሥጋ ውስጥም አስቀድሞ እንዳለ፣ ቫይረሱም ከዚያ የሰረቀው መሆኑን አስረዱ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። የነቀርሳ ሥር ከውጭ የመጣ ባዕድ ሳይሆን፣ የራሳችን ሥርዓት ሲበላሽ የሚሆን መሆኑ ታወቀ። በ1979 ከተገኙት ልጓሞች አንዱ፣ ፒ 53 የተባለው፣ ከነቀርሳ ሁሉ በግማሹ ያህል ተበላሽቶ ይገኛል።

አንድ ስሕተት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ነቀርሳ አያደርግም። አለንጋው ሲበረታ፣ ልጓሙም ሲበጠስ፣ አራሚውም ሲሰንፍ፣ እንዲህ ብዙ ስሕተት በአንድ ሕዋስ ላይ ሲከማች ነው። ይህም ብዙ ዓመት ስለሚፈልግ በሽታው በሸመገሉት ላይ ይበዛል። ስሕተቱን የሚያበዛውም ነገር የታወቀ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 የጢስ ማውጫ የሚጠርጉ ልጆች ካደጉ በኋላ በጥቀርሻው ምክንያት በነቀርሳ እንደሚታመሙ ጻፉ። ትንባሆም እንዲሁ የሳንባን ነቀርሳ እንደሚያመጣ ከ1950 ጀምሮ በማያጠራጥር ምርመራ ተገልጦአል። የአልኮል መጠጥ፣ የፀሐይ ብርታት፣ አንዳንድ ቫይረሶች፣ ከወላጅ የተወረሰም ስሕተት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የጎረቤት ዐይን ወይም የሰው እርግማን ግን በዚህ ቍጥር አይገባም።

እንዲህ ሥርዓቱን የሳተው ሕዋስ እየተባዛ እባጭ ይሆናል፤ ኋላም ከእናቱ ቦታ ተለይቶ በደምና በዕዢ መንገድ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ይሰደዳል። ታማሚውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ይህ ስደት ነው። ሳይሰደድ መያዝ ማለት ግማሹን ጦርነት ማሸነፍ ነው።

ስለ ሕክምናው ስንነጋገር፣ ቀድሞ የነበሩት መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፤ ቢላዋ፣ ጨረርና መርዝ። ቢላዋው ከጥንት የነበረ ነው። ጨረሩ የመጣው ሮንትገን በ1895 ጨረራቸውን ካገኙና ማሪ ኩሪ ከባላቸው ጋር በ1898 ራዲየም የተባለውን ማዕድን ከገለጡ በኋላ ነው። ሦስተኛው፣ መርዙ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ነገር አለው።

ፋሽስት ኢጣሊያ በ1935 እና በ1936 ዓለም የከለከለውን የመርዝ ጢስ ከአውሮፕላን በጦር ሠራዊታችንና በባላገሩ ላይ እንዳዘነበች የምናውቀው ነው፤ ሰናፍጭ የተባለው ያ መርዝ የስንቱን ገላ እንዳቃጠለ፣ የስንቱን ዐይን እንዳጠፋ ታሪክ ይመሰክራል። ሐኪሞች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በዚህ መርዝ የተጎዱትን ሰዎች ሲመረምሩ፣ ነጩ የደም ሕዋስ እንደሚያልቅባቸው አይተው በ1919 ጽፈው ነበር። በ1942 ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ይህን አስበው፣ የዚያ መርዝ ዘመድ የሆነ ቅመም ነጩ የደም ሕዋስ ያለ ልክ ለተባዛበት በሽተኛ በመጠን ሰጡ። እባጩ ሟሟ፤ ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። በ1948 ደግሞ ሲድኒ ፋርበር በቦስተን ከተማ በደም ነቀርሳ ለሚሞቱ ሕፃናት ሌላ ቅመም ሰጥተው በሽታው ለጊዜው መራቁን አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅመም በሥርዓት እየተቀናበረ፣ ሀብታሞች በሆኑት አገሮች በደም ነቀርሳ ከሚታመሙት ሕፃናት፣ በብዛት ከሚታየው ዓይነት፣ ከ10ሩ 9 ያህሉ ይድናሉ። ለጥፋት የተሠራው መርዝ በጥበብ ተመዝኖ ለሕይወት ሆነ፤ ይህ ግን መርዙን በሰው ላይ ያዘነበውን በደለኛ ንጹሕ አያደርገውም።

መርዙ ጉድለት አለው። ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ ስለሚመታ፣ ከነቀርሳው ጋር ጠጕሩን፣ አንጀቱን፣ ደሙንም ይጎዳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጠላትን ከወዳጅ የሚለይ መድኃኒት ፈለጉ። በ1960 ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ የታመሙ ሰዎች ሕዋስ ውስጥ አንድ አጭር የሆነ ክሮሞዞም አገኙ፤ ክሮሞዞም ማለት ያ ረጅም ጽሑፍ የተከፋፈለበት ጥራዝ ነው። ጃኔት ራውሊ በ1973 ምክንያቱን ገለጡ። የአንዱ ጥራዝ ቅጠል ተቈርጦ ወደ ሌላው ጥራዝ ተሰፍቶ ነበር፤ በስፌቱም ላይ የሁለቱ ቃል ተጋጥሞ፣ ያለ ዕረፍት «ተባዛ» የሚል አዲስ ትእዛዝ ሆኖ ነበር። ለዚያ ትእዛዝ ብቻ የሚሆን ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ በ2001 ተፈቀደ። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞቱ የነበሩ በሽተኞች ዛሬ በየቀኑ ክኒን እየዋጡ፣ ብዙዎቹ የጤነኛን ሰው ዕድሜ ለማግኘት ጥቂት ብቻ ይጎድላቸዋል።

ከዚህም ቀጥሎ የሀገራችን ምድር ድርሻ ያላት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሰማው አይመስለንምና በሰፊው እንናገረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ለነቀርሳ የሚሆን መድኃኒት ከየአገሩ ዕፅ ሲያስፈልግ፣ ሠራተኞቹ ከኢትዮጵያም ዕፅ ሰብስበው ወሰዱ። ከተወሰዱትም አንዱ፣ በአገራችን አጣጥ ከምንላቸው ቍጥቋጦዎች ወገን የሆነ ነበር። ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉ ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ይህን ዕፅ ብዙ ጊዜ መርምረው፣ በ1972 ከውስጡ ሜይታንሲን የተባለ ቅመም ማውጣታቸውን አስታወቁ። ቅመሙ በዕፁ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ ኀይሉ ግን እጅግ ብርቱ ሆኖ ተገኘ፤ ሕዋሱ ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ ጽሑፉን ወደ ሁለት የሚጎትተውን ክር ይሰብርበታል። ከዚህ የተነሣ ታላቅ ተስፋ ሆነ። ነገር ግን ለበሽተኞች ሲሰጥ ጨጓራንና ጅማትን የሚጎዳው ጉዳት ከጥቅሙ ስለ በለጠ፣ ሥራው ተቋርጦ ቀረ።

በሌላ በኩል ደግሞ ዶክቶር ዴኒስ ስሌመን በ1987፣ ከጡት ነቀርሳ በአንዳንዱ ላይ ሄር 2 የተባለው አለንጋ ከመጠን በላይ መብዛቱን፣ ያም ነቀርሳ ክፉ መሆኑን ገለጡ፤ ከ100 የጡት ነቀርሳ ከ15 እስከ 20 የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው። በዚህ አለንጋ ላይ ብቻ የሚጣበቅ፣ ትራስቱዙማብ የተባለ አንቲቦዲ ተሠርቶ በ1998 ተፈቀደ። ኋላ ሊቃውንቱ ሁለቱን አገናኙአቸው። የተጣለው የአጣጥ ቅመም ልጅ የሆነውን ብርቱ መርዝ፣ መንገዱን በሚያውቀው አንቲቦዲ ላይ አሰሩት። ይህም የታሸገ ደብዳቤ እንደ ያዘ መልእክተኛ ነው፤ በመንገድ ለማንም አይከፍተውም፤ ከተላከበት ቤት ሲገባ ብቻ ይከፈታል። መድኃኒቱ በ2013 ተፈቀደ። በ2018 መጨረሻ በወጣ ምርመራም፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ወስደው እባጩ ፈጽሞ ያልጠፋላቸው ሴቶች ይህን በወሰዱ ጊዜ፣ የበሽታው መመለስና ሞት አንቲቦዲውን ብቻ ከወሰዱት በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ በየገደሉና በየአጥሩ የሚበቅለውን ዕፅ እኛ ስንረግጠው ሌላው በመርማሪ ዐይን አይቶ ታላቅ ነገር አወጣበት፤ የዕፅ ስምና ጥቅም የሚያውቁ ሽማግሎቻችን ሳያልፉ ዕውቀታቸውን መጻፍ፣ ልጆቻችንንም የኬሚ ትምህርት ማስተማር የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ግዳጅ ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን አንብቦ አጣጥ ቀጥቅጦ ለበሽተኛ የሚያጠጣ ሰው እንዳይኖር። ያ ቅመም ሊቃውንት በሚዛን መዝነው ሰጥተውት እንኳ ሰውን ስለ ጎዳ የተጣለ ነበር፤ ዛሬም መድኃኒቱ የሚሠራው ከቅጠሉ ሳይሆን፣ ተመሳሳዩን ቅመም ከሚያፈልቅ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደ አዲሱ መንገድ እንለፍ። በሰው ደም ውስጥ ባዕድን የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። ዊሊያም ኮሊ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም በ1891 ለነቀርሳ በሽተኛ ተሐዋሲ ወግተው፣ ትኩሳቱ ዘበኞቹን ቀስቅሶ እባጩን እንዲያጠፋ ሞክረው ነበር፤ አንዳንዱ ዳነ፤ ብዙው ግን አልሆነም፤ ሐሳቡም ብዙ ዘመን ተረሳ። እንግዲህ ጥያቄው፣ ዘበኞቹ ነቀርሳውን እያዩ ስለ ምን ያሳልፉታል? የሚል ነበር። መልሱን የሰጡት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ናቸው። ዘበኛው የገዛ አገሩን ሰው እንዳይመታ ልጓም ተደርጎለታል፤ ነቀርሳውም ይህን ዐውቆ የሐሰት የይለፍ ወረቀት ያሳየዋል፤ ዘበኛውም «የእኛው ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል። አዲሱ መድኃኒት ያን ወረቀት ዋጋ ያሳጣዋል፤ ዘበኛውም ሥራውን ይሠራል። የመጀመሪያው መድኃኒት በ2011 ተፈቀደ፤ ሁለቱም ሊቃውንት በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ለዚህ የታወቀ ምስክር፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ናቸው፤ ያቆሙት ድርጅት በአማራ ክልል የትራኮማን በሽታ ለማጥፋት ብዙ የሠራ ነው። በ2015 ዕድሜያቸው 90 ሲሆን፣ የቆዳ ነቀርሳ ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው መድረሱን ለሕዝብ አስታወቁ። በቢላዋ፣ በጨረርና በዚህ አዲስ መድኃኒት ታክመው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሽታው እንደማይታይ ተናገሩ፤ ከዚያም በኋላ 9 ዓመት ኖረው በ2024 በ100 ዓመታቸው ዐረፉ። ዳሩ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ይህ መድኃኒት ሁሉን ሰው አያድንም፤ የሚረዳቸው ከታማሚዎች አንዳንዶቹን ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ልጓሙ የተፈታለት ዘበኛ የገዛ አንጀቱን ወይም ሳንባውን ይመታል።

ከዚህ የራቀም አለ። ዘበኞቹን ከበሽተኛው ደም አውጥቶ፣ ጠላቱን የሚያውቁበትን ምልክት በጥበብ ሰጥቶ፣ አብዝቶ ወደ ደሙ መመለስ ተችሎአል። በ2012 በፊላዴልፊያ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ፣ ሌላው መድኃኒት ሁሉ እንቢ ካላት በኋላ በዚህ ዳነች፤ ሕክምናውም በ2017 ተፈቀደ። ዋጋው ግን ያን ጊዜ 475 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነበር። ደግሞም የበሽተኛውን የራሱን ነቀርሳ ጽሑፍ አንብቦ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ክትባት መሥራት ተጀምሮአል፤ ይህ ግን ገና በፈተና ላይ ያለ ነውና የተፈጸመ አድርገን አንናገርም።

እንግዲህ አንባቢ «ይህ ሁሉ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ቢል ጥያቄው የተገባ ነው። መልሳችን፣ ከዚህ ሁሉ ምርመራ ለአገራችን ይልቁን የሚጠቅመው በጣም ርካሹ ነው የሚል ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ የሚበዙት ነቀርሳዎች የጡትና የማሕፀን በር ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ትሱር ሃውዘን በ1983 እና በ1984 የማሕፀን በር ነቀርሳ የሚመጣው ፓፒሎማ ከተባለ ቫይረስ መሆኑን ገልጠው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ቫይረስ በሩካቤ ሥጋ የሚተላለፍ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን የታመመችውን ሴት ማማት ታላቅ በደል ነው፤ በአንድ ባል የጸናች ሴት ከሕግ ባሏ ልታገኘው ትችላለችና። አብዛኛውን ጊዜም ሥጋ ራሱ ያጠፋዋል፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን 10 እና 20 ዓመት ተሸሽጎ ነቀርሳ ይሆናል።

ይህን ቫይረስ የሚከለክል ክትባት በ2006 ተፈቀደ። በስዊድን አገር በ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2020 የወጣ ምርመራ፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በዚህ ነቀርሳ መታመማቸው ካልተከተቡት 88 በመቶ ያነሰ መሆኑን አስረዳ። ኢትዮጵያም ይህን ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2018 መጨረሻ ነው። ልጆቹን መካን ያደርጋል እየተባለ የሚወራው ሐሰት ነው፤ መካን የሚያደርገውስ፣ ማሕፀኑን ቈርጦ እስከ ማውጣት የሚያደርሰው በሽታው ነው። ለታላላቆቹም ሴቶች፣ የሠለጠነች ነርስ እንደ ኮምጣጤ ያለ ቀጭን አሲድ በማሕፀን በር ላይ ቀብታ በዐይንዋ ትመረምራለች፤ የተበላሸው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነቀርሳ ከመሆኑ በፊትም በብርድ ወይም በሙቀት ኀይል ይጠፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ዕቅድ፣ እስከ 2030 ድረስ ከ100 ልጃገረዶች 90 እንዲከተቡ፣ ከ100 ሴቶች 70 እንዲመረመሩ፣ ከተገኘባቸውም ከ100 90 እንዲታከሙ ለመንግሥታት ሁሉ አሳስቦአል።

ከዚህ በኋላ የቀረው የሰው ፈቃድ ነው። ከምናውቃቸው እናቶች አንዲቱ በጡትዋ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር አገኘች። አላመማትም፤ ስለዚህ ዝም አለች። ኋላም ስታድግ አፈረች፤ ለልጆችዋም መንገር ፈራች። በሁለተኛው ዓመት ለነፍስ አባትዋ ነገረቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ጸበሉን ተጠመቂ፤ ነገ ጧት ግን ወደ ሐኪም ሂጂ፤ ሁለቱን የሚያጣላ የለም» አሉአት። ሄደች። ሐኪሙም መርምሮ ካበቃ በኋላ «እናቴ፣ ምነው አምና መጥተው ቢሆን» ብሎ ዝም አለ። እኒያ ካህን የተናገሩት ቃል መልካም ነበር፤ የጎደለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቃላችንን ወደ ሁለት ወገን እናቀርባለን። እናንት በየአውራጃው የተሾማችሁ ሹማምንት፤ ለብዙ ዘመን የጨረር ሕክምና በአገራችን ሁሉ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም መሰጠት ጀምሮአል። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን መኪናው ቢተከል፣ ሠራተኛው ባይሠለጥን፣ መለዋወጫውም ቢዘገይ፣ ታማሚው ተራ ሲጠብቅ በሽታው ተራ አይጠብቅም። ክትባቱ እስከ ቆላው ትምህርት ቤት እንዲደርስ፣ ምርመራውም በየጤና ጣቢያው እንዲገኝ መከታተል የናንተ ነው።

እናንት ካህናት አባቶች ሆይ፤ ሴት ለባልዋ ያልነገረችውን ለናንተ ትነግራለች። በመጽሐፈ ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር የተጻፈውን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ በሰንበቴውም በማኅበሩም፣ የማያም እባጭ የሚያምን ያህል እንደሚያስፈራ፣ ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም ለሐኪም መታየት እንዳለበት፣ ልጃገረዶችም ክትባቱን እንዲወስዱ ብትነግሩ፣ ከአንድ ሺህ ጋዜጣ ይልቅ የናንተ አንድ ቃል ይሰማል።

ሊቃውንቱ የደከሙበት ዕውቀት በመጽሐፍ ተዘግቶ ቢቀር ለማንም አይረባም፤ በጊዜው ወደ ሐኪም የምትሄድ አንዲት እናት ብትገኝ ግን ድካማቸው ፍሬ አገኘ። እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረቱን፣ ለሐኪሞቹ ማስተዋልን፣ ለሁላችንም ሳይመሽ የመነሣትን ልብ ይስጠን።